ፍጻሜው ክፍት በቀረ ድራማ ላይ በማስረጃ መከራከር፦ የ«ዘ ሶፕራኖስ» የመጨረሻ ትዕይንት እንደ ማሳያ

አንድ ተከታታይ ድራማ ለዓመታት ሲተላለፍ ቆይቶ በመጨረሻው ክፍል የዋናውን ገጸ ባሕርይ ዕጣ ሳይነግረን ሲያበቃ፣ ተመልካቾች ወዲያውኑ በጎራ ይከፈላሉ፤ ክርክሩም አብዛኛውን ጊዜ «ሞቷል»፣ «አልሞተም» በሚል ምልልስ ተጀምሮ በዚያው ምልልስ ያበቃል። እንዲህ ያለው ክርክር በብዙ ጥንቃቄ የተሠራን ሥራ ወደ ዕጣ መጣጣል ስለሚያወርደው ያሳዝነኛል። ክፍት ፍጻሜን ማንበብ ሥርዓት ያለው ሥራ ነው፤ ሥርዓቱንም ማንኛውም ትዕግሥት ያለው ተመልካች ሊለምደው ይችላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያንን ሥርዓት በአንድ እውነተኛ ምሳሌ ላይ ማሳየት ነው።

ለምሳሌነት የመረጥሁት ዴቪድ ቼዝ የፈጠረውንና በአሜሪካው የኤችቢኦ ጣቢያ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1999 እስከ ጁን 2007 በ86 ክፍሎች የቀረበውን «ዘ ሶፕራኖስ»ን ነው (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከሌሎች ክፍት ፍጻሜዎች ይልቅ ይህን የመረጥሁት የመጨረሻው ትዕይንት የጥቂት ደቂቃዎች ርዝመት ብቻ ያለው፣ በአንድ ቤት ውስጥ የሚፈጸምና ማንኛውም ሰው ደጋግሞ ሊመረምረው የሚችል በመሆኑ ነው። በዚያ ላይ ፈጣሪው ራሱ ባለፉት ዓመታት ስለ ትዕይንቱ ደጋግሞ ተናግሯል፤ ንግግሮቹም እርስ በርሳቸው አይገጥሙም፤ ይህም «ደራሲው ምን አለ?» የሚለውን ጥያቄ እንዴት መያዝ እንደሚገባ ለመማር የተመቸ ነው። ድራማውን ገና ያላዩና ሊያዩት የሚፈልጉ አንባቢዎች ግን ከዚህ በታች ፍጻሜው በሙሉ እንደሚገለጥ ዐውቀው ንባባቸውን እዚህ ላይ ቢያቆሙ ይሻላል።

በመጀመሪያ የታየውን ማስፈር

ክርክር ከመጀመሩ በፊት ሁሉም ተከራካሪዎች የሚስማሙበት የታየ ነገር ዝርዝር ያስፈልጋል። የእኛ ትዕይንት ዝርዝር የሚከተለውን ይመስላል። የኒው ጀርሲ የማፊያ አለቃና የሁለት ልጆች አባት የሆነው፣ ጄምስ ጋንዶልፊኒ የተጫወተው ቶኒ ሶፕራኖ ሆልስተንስ ወደተባለ ምግብ ቤት ብቻውን ይገባል። ቤቱ በብሉምፊልድ ከተማ በእውን የሚገኝ አይስክሬም ቤት ነው፤ ቀረጻው የተካሄደበት መቀመጫም በ2024 በጨረታ ከ80 ሺህ ዶላር በላይ ተሸጧል፤ ከ17 ዓመት በኋላም ሰዎች ለዚህች ትዕይንት ያላቸውን ስሜት ከዚህ መረዳት ይቻላል። ቶኒ ጠረጴዛው ላይ ካለው የሙዚቃ ማጫወቻ የጆርኒ ባንድን የ1981 ዘፈን «ዶንት ስቶፕ ቢሊቪን» («ማመንህን አታቁም») ይመርጣል። በሩ በተከፈተ ቁጥር ደወል ይጮኻል፤ ቶኒም ቀና ብሎ የሚገባውን ያያል። ባለቤቱ ካርሜላ ትመጣለች። በኋላም ወንድ ልጁ ኤጄ ሲገባ «ሜምበርስ ኦንሊ» የሚባለውን ጃኬት የለበሰ የማይታወቅ ሰው ከፊቱ ቀድሞ ይገባል፤ ሰውየው ባንኮኒው ዘንድ ተቀምጦ ወደ ቶኒ ጠረጴዛ ጣል ጣል አድርጎ ይመለከታል፤ ከዚያም ተነሥቶ ወደ መጸዳጃ ቤት ይሄዳል። በዚህ መካከል ሴት ልጁ ሜዶው ውጭ መኪናዋን ከመንገዱ ጠርዝ አስጠግታ ለማቆም ደጋግማ ትሞክራለች። የተጠበሰ የሽንኩርት ቀለበት ቀርቦ ሦስቱ ይበላሉ። ሜዶው መንገዱን አቋርጣ ትሮጣለች፤ ደወሉ ይጮኻል፤ ቶኒ ቀና ይላል፤ በዚያው ቅጽበት ዘፈኑ መሃል ላይ ይቆረጥና ስክሪኑ ጥቁር ይሆናል። ጥቁሩ ያለ አንዳች ድምፅ ወደ 10 ሰከንድ ያህል ከቆየ በኋላ የሠራተኞቹ ስም ዝርዝር ያለ ሙዚቃ ያልፋል። ጁን 10 ቀን 2007 ምሽት ድራማውን ሲከታተሉ ከነበሩት ወደ 12 ሚሊዮን የሚጠጉ ተመልካቾች መካከል ብዙዎቹ የኬብል መስመራቸው የተቋረጠ መስሏቸው ነበር።

ይህን ዝርዝር ለማዘጋጀት ትዕይንቱን ቢያንስ ሦስት ጊዜ፣ በሦስት ዓይነት መንገድ ይመልከቱት። መጀመሪያ ሳያቋርጡ ከክፍሉ መጀመሪያ ጀምረው ይዩት፤ ምክንያቱም የመጨረሻውን ትዕይንት ብቻ ቆርጦ ማየት የጭንቀቱን መጠን ያዛባዋል። ቀጥሎ ድምፁን አጥፍተው ካሜራው በየትኛው ቅጽበት በማን ዓይን እንደሚያይ ብቻ ይከታተሉ። በመጨረሻም ምስሉን ትተው ያዳምጡት፤ ደወሉ መቼ መቼ እንደሚጮኽና ዘፈኑ በየትኛው ቃል ላይ እንደተቆረጠ በዚህ ጊዜ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። ዘፈኑ የሚቆረጠው «አታቁም» በሚለው ቃል ላይ ነው፤ አብዛኛው ሰው በመጀመሪያው እይታ ይህን ልብ አይለውም።

ከዚያም ወረቀት ወስደው በአንድ ረድፍ የታየውን፣ በሌላው ረድፍ ከታየው የተገመተውን ይጻፉ። «ሰውየው ወደ መጸዳጃ ቤት ሄደ» የመጀመሪያው ረድፍ ነው፤ «ሽጉጥ ሊያወጣ ሄደ» ሁለተኛው ረድፍ ነው። «ቶኒ ቀና አለ» የታየ ነው፤ «የገባችው ሜዶው ናት» ግን፣ ምንም እንኳ ሁላችንም እንደዚያ ብናምን፣ አልታየም፤ በሩ ሲከፈት ማን እንደገባ ካሜራው አላሳየንም። አብዛኛዎቹ የጦፉ ክርክሮች የሚነሡት አንዱ ወገን ከሁለተኛው ረድፍ ያለውን ነገር ወደ መጀመሪያው አሻግሮ ሲናገር ነው፤ ወረቀቱ ጠረጴዛ ላይ ካለ ግን ስሕተቱ ወዲያው ይታያል፣ ማንም ሰው ሳይቀየም ይታረማል።

ግምትን መመዘን

ግምት ኃጢአት አይደለም፤ ያለ ግምት ማንበብ አይቻልም። ጥያቄው ግምቱ የሚደገፈው በምን ነው የሚለው ነው። የመጸዳጃ ቤቱን ነገር እንመልከት። ሰውየው መሣሪያ ሊያመጣ ሄደ የሚሉት ተመልካቾች የሚያስታውሱት በ1972ቱ «ዘ ጎድፋዘር» ፊልም ማይክል ኮርሊዮኔ ከምግብ ቤት መጸዳጃ ውስጥ የተደበቀ ሽጉጥ አውጥቶ ሁለት ሰዎችን የሚገድልበትን ትዕይንት ነው። ሌላ ፊልምን ማስታወስ ብቻውን ደካማ ማስረጃ ነው፤ እያንዳንዱ ተመልካች የራሱን ፊልም ሊያስታውስ ይችላልና። ነገር ግን በስድስተኛው ምዕራፍ ኤጄ አባቱን ያ ትዕይንት እጅግ የሚወደው እንደሆነ ያስታውሰዋል። በዚህ ምክንያት ማስረጃው ከውጭ ወደ ድራማው ውስጥ ገብቷል፤ ክብደቱም ጨምሯል። እኔ ሁልጊዜ የምከተለው ደንብ ይህ ነው፦ ድራማው ራሱ ያነሣው ነገር ተመልካቹ ከውጭ ካመጣው ነገር ይበልጣል፤ ድራማው ደጋግሞ ያነሣው ደግሞ አንድ ጊዜ ብቻ ካነሣው ይበልጣል።

በዚህ ደንብ መሠረት ለ«ሞቷል» ወገን ትልቁ ድጋፍ በ2007 ከቀረቡት ዘጠኝ ክፍሎች በመጀመሪያው ውስጥ ይገኛል። ቶኒና የእኅቱ ባል ቦቢ ባካሊዬሪ በሐይቅ ላይ ጀልባ ውስጥ ተቀምጠው ስለ መገደል ሲያወሩ፣ ቦቢ ነገሩ ሲደርስ ምናልባት ድምፁ እንኳ ላይሰማ እንደሚችል ይናገራል። አንድ ጊዜ የተባለ ብቻ ቢሆን ኖሮ ተራ ወሬ ሆኖ ባለፈ ነበር። ነገር ግን ከመጨረሻው ክፍል በፊት ባለው ክፍል መዝጊያ ላይ፣ ቦቢ ከተገደለ በኋላ፣ ቶኒ ጠመንጃ ታቅፎ በጨለማ ክፍል ተኝቶ ያንን ንግግር መልሶ ያስታውሰዋል፤ ድራማው ሆን ብሎ እንዳንረሳው አደረገ ማለት ነው። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ባለ ሌላ ክፍል ደግሞ የቶኒ የቅርብ ሰው ሲልቪዮ ምግብ ቤት ውስጥ ተቀምጦ ሳለ አጠገቡ ያለው ሰው በጥይት ይመታል፤ ሲልቪዮም የሆነውን የሚረዳው ድምፅ ሰምቶ ሳይሆን ዘግይቶ ነው። ስለዚህ ድንገተኛው ጥቁርና ዝምታ አንድ ሰው ሞቱን ሳይሰማ የሚሞትበት ቅጽበት ነው የሚለው ንባብ ሦስት ቦታ ላይ የተዘራ ዘር አለው።

ሁለተኛው ድጋፍ የምስሉ ቅንብር ነው። ትዕይንቱ ከመጀመሪያው ጀምሮ አንድ ሥርዓት ያስለምደናል፦ ደወሉ ይጮኻል፣ የቶኒ ፊት ይታያል፣ ቀጥሎ ቶኒ የሚያየው ነገር ይታያል። ይህ ሥርዓት ተደጋግሞ ዓይናችን ከለመደው በኋላ በመጨረሻው ጊዜ ደወሉ ይጮኻል፣ የቶኒ ፊት ይታያል፣ ቀጥሎ መታየት ያለበት ቶኒ የሚያየው ነገር ሲሆን የሚታየው ጥቁር ነው። እንግዲህ ሥርዓቱ ካልፈረሰ ቶኒ የሚያየው ጥቁር ነው። ስለዚህ ትዕይንት ከቀረቡት ሙግቶች ሁሉ እንደዚህ ያለ በራሱ በሥራው አካል ላይ የቆመ ሌላ አላገኘሁም፤ ለዚህም ነው ተከራካሪዎች ድምፁን አጥፍተው እንዲመለከቱ የምወተውተው።

ሆኖም ጠንካራ ማስረጃ ሲገኝ ወዲያውኑ የሚቃወመውን መፈለግ ያስፈልጋል። ካሜራው በዚህ ትዕይንት ሁልጊዜ ከቶኒ ዓይን ጋር አይደለም፤ ሜዶው ውጭ መኪናዋን ስታቆም ቶኒ አያያትም፤ እኛ ግን እናያታለን፣ ያውም ደጋግመን። ካሜራው ቶኒን ትቶ ወደ ጎዳና መውጣት ከቻለ፣ ጥቁሩ የግድ የቶኒ ዓይን መዘጋት ነው ማለት አይቻልም። ከዚህም በላይ ከታሪኩ አካሄድ የሚነሣ ጥያቄ አለ፦ ማን ነው የሚገድለው? በዚሁ ክፍል ውስጥ ቶኒ ሲዋጋቸው ከነበሩት የኒው ዮርክ የማፊያ ሰዎች ጋር ዕርቅ አውርዷል፤ የእነርሱ አለቃና የቶኒ ጠላት የሆነው ፊል ሊዮታርዶም የራሱ ሰዎች ባሉበት ስምምነት ነዳጅ ማደያ ላይ ተገድሏል። ጦርነቱ ካበቃ በኋላ ገዳይ የሚልክ ሰው ማን እንደሆነ ድራማው አንድም ፍንጭ አይሰጥም። ይልቁንም የሚሰጠው ፍንጭ ወደ እስር ቤት ያመለክታል፤ ካርሎ የተባለው የቶኒ ሰው ከመንግሥት ጋር መተባበር ጀምሯል፣ የቶኒ ጠበቃም በቶኒ ላይ ክስ የመመሥረቱን ዕድል ከ80 እስከ 90 በመቶ እንደሚገምተው ነግሮታል፣ ቶኒም የካርሎን ነገር በዚያው ምግብ ቤት ለካርሜላ ይነግራታል። «አልሞተም» የሚለው ወገን ብዙ ጊዜ «እኔ እንደዚያ አልተሰማኝም» በማለት ራሱን ያዳክማል እንጂ በእጁ ያሉት ማስረጃዎች እነዚህን የመሰሉ ናቸው።

ወሬን ማጣራት

ክፍት ፍጻሜ ወሬ ይስባል። ድራማው ካበቃ ጥቂት ቀናት ሳይሞሉት በምግብ ቤቱ ውስጥ የታዩት እንግዶች ሁሉ ከዚህ በፊት በድራማው ውስጥ የነበሩና በቶኒ ላይ ቂም ያላቸው ገጸ ባሕርያት ናቸው የሚል ጽሑፍ ከሰው ወደ ሰው ተሠራጨ፤ ጃኬት የለበሰው ሰው የፊል ሊዮታርዶ ዘመድ ነው፣ ከቆየ በኋላ የገቡት ሁለት ወጣቶች በመጀመሪያው ምዕራፍ ቶኒን ለመግደል የሞከሩት ናቸው፣ ወዘተ. ይል ነበር። ወሬው ሐሰት ነው። በክፍሉ የስም ዝርዝር ላይ ሰውየው የተመዘገበው በጃኬቱ ስም እንጂ በሌላ ገጸ ባሕርይ ስም አይደለም፤ የተጫወተውም ከዚያ በፊት በድራማው ያልታየ የፒዛ ቤት ባለቤት ነበር። ከዚህ የምንማረው የአሠራር ነገር ግልጽ ነው፤ አንድ ተከራካሪ «ይህ ሰው እኮ ከዚህ በፊት ታይቷል» ሲል የክፍሉን መለያ እንዲጠቅስ ይጠየቅ፣ ክፍሉም ይከፈት። ማጣራቱ ደቂቃዎች ይወስዳል፤ ሳይጣራ ያለፈ ወሬ ግን የሰዓታትን ውይይት ያበላሻል።

ወሬው መውደቁ ግን ጃኬቱን ዋጋ ቢስ አያደርገውም። የስድስተኛው ምዕራፍ የመጀመሪያ ክፍል ርዕስ ራሱ የዚያ ጃኬት ስም ነው፤ በዚያም ክፍል መጨረሻ ቶኒ በአጎቱ በጁንየር ተተኩሶበት ሊሞት ይቃረባል። የሐሰቱ ማስረጃ ተጥሎ እውነተኛው ሲቀር ክርክሩ የበለጠ ያምራል።

የፈጣሪውን ቃል እንዴት መያዝ ይገባል

አብዛኛው ሰው በክርክር ሲጨነቅ «ደራሲው ራሱ ተናግሯል» ወደሚል መሸሸጊያ ይሮጣል። የዴቪድ ቼዝ ንግግሮች በተነገሩበት ጊዜ ቅደም ተከተል ሲደረደሩ ግን መሸሸጊያው ብዙ እንደማያስጠልል ይታያል። ፍጻሜው በታየ ማግስት ለአንድ የኒው ጀርሲ ጋዜጣ በሰጠው ቃል በስክሪኑ ላይ ባለው ነገር ላይ ምንም ማብራሪያ መጨመር እንደማይፈልግ፣ ሁሉም ነገር እዚያው እንዳለ ተናገረ። በ2014 አንዲት ጸሐፊ ቶኒ ሞቷል ወይ ብላ ጠይቃው እንዳልሞተ እንደመለሰላት ጽፋ ወሬው ዓለምን ሲያዳርስ፣ በወኪሉ በኩል ንግግሩ ከአውዱ ውጭ እንደተወሰደ፣ የቶኒ መሞት አለመሞትም ዋናው ነጥብ እንዳልሆነ የሚገልጽ ምላሽ ወጣ። በ2015 የአሜሪካ የዳይሬክተሮች ማኅበር መጽሔት ላይ ትዕይንቱን በየሾቱ እየዘረዘረ አብራራ፤ ይህኛው ስለ አሠራሩ ነው፣ ለእኔም ከሁሉ ይበልጥ የሚጠቅመው እርሱ ነው። በ2019 በታተመ የውይይት መጽሐፍ ውስጥ ደግሞ ቀድሞ አስቦት ስለነበረ ሌላ ፍጻሜ ሲያወራ፣ ቶኒ በሊንከን ዋሻ በኩል ወደ ማንሃታን ለስብሰባ ሲሄድ ያለውን ሐሳብ ሲገልጽ፣ «የሞቱ ትዕይንት» የሚል አነጋገር አመለጠው። በ2021 ስለዚሁ ነገር ተጠይቆ ያንን ቀዳሚ ሐሳቡን አረጋገጠ፤ በኋላ ግን አንዲት ትንሽ ምግብ ቤት አይቶ ሐሳቡን እንደለወጠና ብዙ ሰዎች የቶኒን ሬሳ ለማየት የነበራቸው ጉጉት እንዳስከፋው ጨመረ።

እነዚህን ንግግሮች በሦስት ክምር ይለዩአቸው። የመጀመሪያው ክምር ስለ አሠራር የተነገረው ነው፦ የትኛው ሾት ለምን እንደተመረጠ፣ ጥቁሩ ለምን ያህል ጊዜ እንዲቆይ እንደተፈለገ። ለምሳሌ ቼዝ ጥቁሩ ያለ ስም ዝርዝር እስከ ጣቢያው መለያ ድረስ እንዲቀጥል ፈልጎ እንደነበርና የዳይሬክተሮች ማኅበር ስላልፈቀደ እንደቀረ ተናግሯል፤ ይህ ስለ ዓላማው ብዙ የሚነግረን ተጨባጭ ነገር ነው። ሁለተኛው ክምር ስለ ቀዳሚ ረቂቅ ሐሳቦች የተነገረው ነው፤ ይህ ጠቃሚ ቢሆንም አደገኛ ነው፣ ምክንያቱም የተጣለ ሐሳብ ስለ ቀረው ሐሳብ የግድ አይመሰክርም። ቼዝ በአንድ ወቅት ቶኒን ለመግደል አስቦ ነበር ማለት በመጨረሻ ገደለው ማለት አይደለም፤ እንዲያውም ሐሳቡን መለወጡ ለተቃራኒው ወገን ሊቀርብ የሚችል ነው። ሦስተኛው ክምር የትርጓሜ ፍርድ ነው፦ ሞቷል፣ አልሞተም፣ ነጥቡ አይደለም። ይህኛውን የአንድ ዐዋቂ ተመልካች አስተያየት አድርጎ መቀበል ይበቃል። ደራሲው ከጻፈው በላይ ለመናገር ቢፈልግ ኖሮ አንድ ሰከንድ ተጨማሪ ምስል ይበቃው ነበር፤ ያንን ሰከንድ ላለመስጠት መምረጡ ከቃለ ምልልሶቹ ሁሉ የበለጠ ክብደት አለው።

የክርክሩ አካሄድ

እኛ አማርኛ አንባቢዎች በዚህ ረገድ የቆየ ሀብት አለን። የመጻሕፍት ትርጓሜ መምህራን አንድ ንባብ ላይ ሲደርሱ አንዱን ፍች አስቀምጠው «አንድም» ብለው ሌላውን ያስከትላሉ፤ ሁለተኛው ፍች የመጀመሪያውን ሳያፈርስ አጠገቡ ይቆማል፣ እያንዳንዱም ግን ከንባቡ ጋር መግጠም አለበት። ለክፍት ፍጻሜ ክርክር ከዚህ የተሻለ አካሄድ አላውቅም። ስለዚህ ውይይቱን «ማን ትክክል ነው?» በሚል ከመጀመር ይልቅ ንባቦቹን ሁሉ በየተራ ማሰማት ይሻላል፦ ቶኒ በዚያች ቅጽበት ተገደለ፤ አንድም፣ ቶኒ በሕይወት አለ፣ ክሱም እየቀረበ ነው፣ የቀረው ዕድሜው ደወል በጮኸ ቁጥር ቀና በማለት ያልቃል፤ አንድም፣ የተቆረጠው የእኛ የተመልካቾች ዕድሜ ነው፣ ስምንት ዓመት ያህል በቤቱ ተቀምጠን ስናየው ቆይተን ድንገት ተባረርን። እያንዳንዱን ንባብ የሚያቀርበው ሰው ከወረቀቱ የመጀመሪያ ረድፍ ቢያንስ ሁለት ነገር ይጥቀስ።

ቀጥሎ እያንዳንዱ ተከራካሪ የራሱን ሳይሆን የተቃራኒውን ወገን ንባብ፣ ያ ወገን «አዎ፣ ያልሁት ይህንን ነው» እስኪል ድረስ በሚገባ ያቅርብ። ይህ አስቸጋሪ ነው፤ ውጤቱ ግን ያስደንቃል። ሞቷል የሚለው ሰው ስለ ካርሎና ስለ ክሱ በሚገባ ሲናገር፣ ድራማው በመጨረሻው ክፍል ለሕግ ጉዳይ የሰጠውን ቦታ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊያስተውል ይችላል። አልሞተም የሚለውም የጀልባውን ንግግር በራሱ አፍ ሲያቀርብ ያ ንግግር ለምን ሁለት ጊዜ እንደመጣ መልስ መስጠት ይኖርበታል።

ከዚያ በኋላ ለሁሉም አንድ ጥያቄ ይቅረብ፦ ምን ቢታይ ኖሮ ሐሳብህን ትለውጥ ነበር? ምንም የሚለውጠው ነገር የሌለ ሰው ስለ ድራማው ሳይሆን ስለ ምኞቱ እየተናገረ ነው። ምኞት ደግሞ በዚህ ክርክር ውስጥ ትልቅ ኃይል አለው፤ ቶኒን የሚወዱ እንዲኖር ይፈልጋሉ፣ ወንጀሎቹን የማይረሱ ቅጣቱን ማየት ይፈልጋሉ። ምኞቱ ሊነገር ይገባዋል፣ ማፈር አያስፈልግም፤ ከማስረጃው ተለይቶ መነገሩ ብቻ በቂ ነው። በፍጻሜው የተናደዱና እንደተታለሉ የሚሰማቸው ተመልካቾችም በአክብሮት ይሰሙ፤ ለዓመታት የተከታተሉት ታሪክ ሳይቋጭ ሲቀርባቸው መከፋታቸው ሥራው በእነርሱ ላይ ያደረገውን የሚመሰክር ነው፣ እንደ አለማስተዋል ሊቆጠር አይገባም።

የክርክሩ ከፍተኛ ቦታ የሚደረሰው ሁለቱም ወገኖች እምቢ ሊሉት የማይችሉት ነገር ሲገኝ ነው፤ የተዋጣለት ሰብሳቢም ውይይቱን ወደዚያ ይመራል። ለዚህ ትዕይንት የእኔን ላቅርብ። ቶኒ ቢሞትም ባይሞትም፣ በእነዚያ ደቂቃዎች እኛ እንደ ቶኒ ማየትን ተምረናል። ምግብ ቤት የሚገባ ሁሉ ገዳይ ይመስለናል፤ ኮፍያ ያደረገ ሰው፣ ሕፃናት ይዞ የተቀመጠ ሰው፣ ቡና የሚጠጣ ሰው ሁሉ ያስፈራናል፤ አንዲት ልጅ መኪና ማቆም ስላቃታት ብቻ ልባችን ይመታል። ቤተሰቡ ደግሞ በዚያው ጠረጴዛ ላይ እየበላ ነው፤ ኤጄም አባቱ በመጀመሪያው ምዕራፍ ማብቂያ ላይ፣ በሌላ ምግብ ቤት፣ መልካሞቹን ጊዜያት አስታውሱ ብሎ የነገራቸውን ይደግምለታል፤ ቶኒ ግን መናገሩን እንኳ በቅጡ አያስታውሰውም። የመረጠው ሕይወት የመጨረሻ ዋጋው ይህ ነው፤ መልካሙ ጊዜ ፊቱ ተቀምጦ ሳለ ዓይኑ በሩ ላይ ነው። የምስሉን ቅንብር ስመዝን በዚያች ቅጽበት መሞቱ ይበልጥ ያመዝንብኛል፤ ቢሆንም ሙሉ እምነቴን የምጥለው በዚህኛው ንባብ ላይ ነው፣ ምክንያቱም በጥቁሩ ውስጥ ያልታየ ምንም ነገር ሊያፈርሰው አይችልም።

ለሰብሳቢው

ለአንድ ምሽት ውይይት ከአምስት እስከ ስምንት ሰው ይበቃል። አስቀድመው ለሁሉም የሚታዩትን ክፍሎች ይንገሩ፤ ለዚህ ድራማ ከመጨረሻው ክፍል በተጨማሪ የጀልባው ክፍልና ከመጨረሻው በፊት ያለው ክፍል የግድ ናቸው። ቃለ ምልልሶቹን ማንም ከውይይቱ በፊት እንዲያነብ አያስገድዱ፤ አስቀድሞ የተነበበ የደራሲ ቃል ዓይንን ይመራል፣ በመጀመሪያው ሰዓት ደግሞ የሚፈለገው ነጻ ዓይን ነው። የመጀመሪያውን ሰዓት በሁለቱ ረድፎች ወረቀት፣ ሁለተኛውን በንባቦቹ ላይ ያሳልፉ፤ የቼዝ ንግግሮች የሚመጡት ከዚያ በኋላ ነው። ድምፅ መስጠት ካስፈለገ በመጀመሪያና በመጨረሻ ሁለት ጊዜ ይሰጥ፤ የሚመዘገበውም የአሸናፊው ወገን ቁጥር ሳይሆን ሐሳባቸውን የለወጡት ሰዎች በየትኛው ማስረጃ እንደለወጡ ነው። ሐሳባቸውን የለወጡ ካሉ ያንን ማስረጃ የያዘው ክፍል ለቀጣዩ ስብሰባ ይመረጥ፤ ማንም ካልለወጠ ግን ቶኒ በአጎቱ የተተኮሰበትን የስድስተኛውን ምዕራፍ የመጀመሪያ ክፍል ይዘው ይቀጥሉ፤ ሁለቱም ወገኖች እዚያ ውስጥ እስካሁን ያልጠቀሱት ነገር ያገኛሉ።